ራውተሩን ከመቀየራችሁ በፊት

(ባለፈው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በኮሙኒቲያችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። "ጻፍልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከቀረጻው ላይ ብዙም ሳልነካካ ገልብጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚያ ጥግ ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ልጆቻችንም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ? አልሰማሁም! እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ይመስገን።

አዘጋጆቹ "ስለ ዋይፋይ አንድ ሃያ ደቂቃ አውራልን" ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ማን ሊሰማኝ ነው ብዬ ነበር። ስለ ቤት ግዢ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ጤና ኢንሹራንስ በተወራበት መድረክ ላይ የገመድ ሠራተኛ ምን ይላል? ዛሬ ግን በሩ ላይ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ አራት ሰው ያዘኝ። አራቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "አዲስ ራውተር ገዛሁ፤ እንዲያውም ከድሮው ባሰብኝ።"

እስቲ እጃችሁን አውጡ። አዲስ ራውተር ገዝቶ እንዳሰበው ያልሆነለት? አውጡ እንጂ፣ ታክስ አይደለም አትፍሩ። ይኸው! የአዳራሹ ግማሽ ነው።

እኔ በዚህ አካባቢ በየሰው ቤት ገመድ ስዘረጋና ራውተር ስተክል አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት መርካቶ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ዕቃ ሲመጣ ቶሎ ካውያውን ካነሳሁ ይቆጡኛል። "ሳትከፍተው ጠይቀው!" ይላሉ። ዕቃ ይጠየቃል እንዴ? ይጠየቃል። በሌላ ሶኬት ትሰካዋለህ። ሌላ ስፒከር ታስርለታለህ። ካሴቱን ትተህ ራዲዮውን ትከፍታለህ። እያንዳንዱ መልስ ሕመሙን ወደ አንድ ጥግ ይገፋዋል። እኔ ዛሬም ራውተርን የምጠይቀው በዚያው መንገድ ነው። ሌላ ምሥጢር የለኝም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ዝግታው የት ጋ እንዳለ እንዴት እንደምታገኙት። ሁለተኛ ስለ አየሩ፣ ማለትም ስለ ጎረቤት፣ ስለ ግድግዳና ስለ ቦታ። ሦስተኛ ስለ ሰቲንጉ። ሦስተኛው ላይ ቡናው ከደረሰ አቋርጡኝ፣ አልቀየምም።

ወደ አንደኛው ልግባ። "ኢንተርኔቱ ዘገመ" ስትሉኝ እኔ የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከኢንተርኔት ካምፓኒው እስከ ቤታችሁ የሚመጣው ነው። ሌላው ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለው ነው። ዋይፋይ ማለት ይሄ ሁለተኛው ብቻ ነው። አገር ቤት ጣራ ላይ ሮቶ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ቧንቧው ክር ክር ሲል ቧንቧውን ነቅላችሁ አዲስ ትገዛላችሁ? አትገዙም። መጀመሪያ ጣራ ላይ ወጥታችሁ ሮቶውን ትከፍታላችሁ። ውሃ አለ? ካለ ከሮቶው በታች ነው ችግሩ። ከሌለ የሰፈሩ ነው። ታዲያ ራውተር ላይ ስንደርስ ለምን ቧንቧ ለመግዛት እንሮጣለን?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጠው ይሆናል። የሚከፍሉት በሰከንድ 500 ሜጋቢት ለሚሆን ፍጥነት ነው። ልጃቸው ዋይፋይ 7 የሚባለውን አዲሱን ራውተር ከሦስት መቶ ዶላር በላይ አውጥቶ አስገባላቸው። ሳሎን ሲለካ 94። መኝታ ቤት ሲለካ 93። ራውተሩ አጠገብ ቆሞ ሲለካ 94። ልጁ ተናዶ መለሰው፣ ሌላ አመጣ። ሌላውም 94።

እኔ ገና ቤታቸው ሳልሄድ በስልክ "እማማ፣ እስቲ ቁጥሩን ይድገሙልኝ" አልኳቸው።

"ዘጠና አራት።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ ነው እንጂ ልጄ። አይጨምር፣ አይቀንስ።"

በዚህች "አይጨምር፣ አይቀንስ" ነው የያዝኩት። ዋይፋይ ሲታመም ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሳሎን 300፣ ኮሪደር 180፣ መኝታ ቤት 40 ይላል፤ ማታ ይወርዳል፣ ጠዋት ይወጣል። የትም ብትሄዱ 94 ላይ ተተክሎ የሚቀር ቁጥር ግን የአየር ሕመም አይደለም፣ የገመድ ነው። ለምን? ያ የኔትወርክ ገመድ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንድ። 1,000 ሜጋቢት ለማሳለፍ አራቱም ጥንድ ደህና መሆን አለባቸው። 100 ለማሳለፍ ግን ሁለቱ ይበቃሉ። እናም 100 ከማይጠቀምባቸው ሁለት ጥንዶች አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ሁለቱ ዕቃዎች በራሳቸው ይስማሙና ወደ 100 ይወርዳሉ። ከ100 ላይ ለራሱ ለኔትወርኩ ወጪ ሲቀነስ 94 አካባቢ ይቀራችኋል። ቀይ መብራት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፊልሙ ይታያል። ማን ይጠረጥራል?

ሄድኩ። ሞደሙ፣ ማለትም የካምፓኒውን መስመር የሚቀበለው ዕቃ፣ ከሶፋው ጀርባ ነው። ሶፋውን ስስበው እግሩ ገመዱ ላይ ቆሞ እንደ ቂጣ ጠፍጥፎታል! ከሞደሙ ወደ ራውተሩ የምትሄደው አጭሯ ገመድ ናት። ከቦርሳዬ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ አውጥቼ ቀየርኩላት። አሥር ዶላር አትሞላም። ሳሎን ላይ ስንለካ 480። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጥሩን አዩ፣ መልሰው አድርገው አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው "ታዲያ ያንን የመጀመሪያውን ምን አጠፋህ ብለን ነው የመለስነው?" አሉት።

እንግዲህ ዘዴው ይኸው ነው፤ ሦስት ቦታ ቆማችሁ ትለካላችሁ። መጀመሪያ ላፕቶፕ በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ። ቀጥሎ ገመዱን ነቅላችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከራውተሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ በዋይፋይ። በመጨረሻ የሚያስቸግራችሁ ክፍል ገብታችሁ። በገመድም ከዘገየ ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ሞደሙ፣ ወይ ካምፓኒው፤ ዋይፋዩን አትንኩት። በገመድ ደህና ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ በዋይፋይ ከወደቀ ሰቲንግ ነው፣ ወይም የያዛችሁት ስልክ። ሳሎን ደህና ሆኖ መኝታ ቤት ከወደቀ ደግሞ ግድግዳ ነው፣ ርቀት ነው። ሦስት ልኬት፣ አምስት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ ሳይሰጡ ሦስት መቶ ዶላር ለምን ይሰጣል?

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጉድ ልናገር። ብዙዎቹ አዲስ ላፕቶፖች የገመድ ቀዳዳ የላቸውም፣ ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ይዤ እዞራለሁ። አንድ ቀን ሰው ቤት ለካሁ፣ 94። ገመድ ቀየርኩ፣ 94። ሌላ ገመድ፣ 94። ካምፓኒው ጋ አስደወልኳቸው፣ ሠራተኛ ተላከ፣ የእሱ መለኪያ 600 አለ። ለካ የኔ አዳፕተር ራሱ ከ100 በላይ የማያሳልፍ ርካሽ ዕቃ ኖሯል! የቤቱ ባለቤት ሻይ አፍልተው ጠብቀውኝ ነበር። እንዴት እንደጠጣሁት አትጠይቁኝ።

ካርቶኑ ላይ ስላለው ቁጥርም ላንሳ። "ቢኢ 9300" የሚል ታያላችሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! 9,300 ማለት ራውተሩ ያሉትን ሦስት የራዲዮ ሞገድ መንገዶች ፍጥነት ደምረው፣ ወደ ላይ አጠጋግተው ያወጡት ነው፤ በ6 ጊጋኸርዝ 5,760፣ በ5 ጊጋኸርዝ 2,880፣ በ2.4 ደግሞ 574። ከሦስት ሰው ደመወዝ ድምር ላይ ለአንዱ "ይሄ ሁሉ ያንተ ነው" እንደማለት ነው። ያውም እነዚህ ቁጥሮች አየር ላይ ያለው ፍጥነት ናቸው፤ እጃችሁ የሚገባው ከዚያ በጣም ያንሳል። ስልካችሁም ልክ አለው። አይፎን 11 ዋይፋይ 6 አለው፣ ግን 6 ጊጋኸርዝ የሚባለውን መንገድ በጭራሽ አያየውም። በአይፎን ያ የተጀመረው ከ15 ፕሮ ነው። ለአሮጌ ስልክ ዋይፋይ 7 መግዛት በሰፊ ሃይዌይ ላይ ብስክሌት መንዳት ነው። መንገዱ ጥፋት የለበትም።

አዎ፣ እዚያ ጋ ያለው ወንድሜ እጁን አውጥቷል። "500 ነው የምከፍለው፣ ፋይል ሳወርድ ግን 60 ነው የሚለኝ።" ጥሩ ጥያቄ ነው። የምትከፍለው በሜጋቢት ነው፣ ኮምፒዩተርህ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳይህ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 60ን በስምንት አባዛው። 480! ያንተ ጤነኛ ነው ወንድሜ፣ ቡናህን ጠጥተህ ወደ ቤትህ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ፣ ወደ አየሩ። እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ዋይፋይ ማለት የእድር ስብሰባ ነው። አንድ ማይክ አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ራውተሩም፣ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ በሩ ላይ ያለው ካሜራም በአንድ ቻናል ላይ፣ ማለትም በሞገዱ መንገድ ውስጥ ባለ አንድ መስመር ላይ፣ ከሆኑ ተራ ይጠብቃሉ። አሁን አስቡት፤ ከኋላ የተቀመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ማይኩን ያዙ። አንዷን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ደገሙ። ጥፋታቸው አይደለም፣ ግን የሁሉም ሰው ጊዜ ሄደ! ከታች ቤዝመንት ውስጥ በደካማ ሲግናል የተሰቀለች አሮጌ ታብሌት እንደዚያ ናት። ያቺኑ ቪዲዮ ለማውረድ ከአዲሱ ስልክ አሥር እጥፍ የአየር ጊዜ ልትወስድ ትችላለች። እናንተ ሳሎን ተቀምጣችሁ "ዋይፋዩ ሞተ" ትላላችሁ።

የጎረቤቱስ? አፓርታማ የምትኖሩ፣ ስልካችሁ ላይ ስንት የዋይፋይ ስም ይታያችኋል? ሃያ? ሠላሳ? በ2.4 ጊጋኸርዝ እዚህ አሜሪካ 11 ቻናል አለ ይባላል፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ሠላሳ ቤተሰብ በሦስት ማይክ! "ብልህ ነኝ፣ 3 ላይ ላድርገው" የሚል አለ። 3 ላይ ስታደርጉት 1 ላይ ያሉትንም 6 ላይ ያሉትንም ትረብሻላችሁ፣ እነሱም እናንተን። በ5 ጊጋኸርዝ ቦታው ሰፊ ነው፤ 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ እዚህ አገር ለዋይፋይ የተፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ስለሆነ ሰዉ ገና አልሞላበትም። ግን ጊጋኸርዙ ከፍ ባለ ቁጥር ግድግዳ ማለፍ ይደክመዋል። 2.4 ቀርፋፋ ነው፣ ቤዝመንት ይወርዳል። 6 ፈጣን ነው፣ አንድ ሁለት ግድግዳ ካለፈ በኋላ ይዝላል። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚሰጥ የለም።

ማይክሮዌቭ ላይ ቆም እንበል። ማይክሮዌቭ የሚሠራው እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ወጥ ሲሞቅ ስልኩ የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። "የእንጀራ ምጣዱስ?" ብላ አንዲት እህት በር ላይ ጠየቀችኝ። ምጣዱ ንጹሕ ነው! እሱ ሽቦ አግሎ ነው የሚያበስለው፣ ሞገድ አይረጭም። አክንባሎው ግን ከብረት ከሆነና ራውተሩ ፊት ካቆማችሁት ሌላ ነገር ነው። ያልተጠረጠረ ሌላ ደግሞ አለ፤ በዩኤስቢ 3 የሚሰካ ሃርድ ዲስክ። ሽፋኑ ደካማ ከሆነ 2.4 ላይ ጫጫታ ይረጫል። ራውተሩ ጀርባ ላይ ፎቶ ማስቀመጫ ብላችሁ የሰካችሁ፣ ለአንድ ቀን ነቅላችሁ ሞክሩት።

ቦታን በተመለከተ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ራውተሩን "ያስጠላል" ብለው ከቴሌቪዥኑ በታች ካለው ሣጥን ውስጥ ከተውታል። ከፊቱ ረከቦቱ፣ ከጎኑ የአሉሚኒየም ትሪዎች፣ ከኋላው ትልቅ መስተዋት። መስተዋት ጀርባው በብረት የተቀባ ነው፣ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። አውጥተን መደርደሪያ ላይ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገን፣ የቤቱ መሐል አካባቢ አስቀመጥነው። ምንም ሳንገዛ መኝታ ቤቱ ከ35 ወደ 210 ወጣ። ትሪዎቹ ናቸው ወይስ መስተዋቱ? አልለየሁትም። ሁሉንም ባንዴ ነበር ያነሳነው፣ የመርካቶው ሽማግሌ ቢያዩኝ ይቆጡኝ ነበር።

አሁን የራሴን ቤት ሕመም። እኔ የምኖረው ከሪገን አየር ማረፊያ ብዙ ሳልርቅ ነው። አዲሱን ራውተሬን ስተክል "160" የሚለውን፣ ማለትም 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለውን ሰፊውን መንገድ መረጥኩ፤ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከ100 እስከ 128 ያሉትን ቻናሎች ባንድ ላይ የሚጠቀመውን። ፍጥነቱ ልብ ያጠፋል። ግን ባለቤቴ ማታ ማታ ደሴ ካሉት እናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ዋይፋዩ ብድግ ብሎ ይጠፋል። ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል። "አንተ የሰው ቤት ታስተካክላለህ፣ የራስህ ቤት ይኼው ነው" ትለኛለች። ምን ልበላት? አንድ ሌሊት የራውተሩን መዝገብ ከፈትኩ። "ራዳር" ይላል። ቀና አልኩ። ራዳር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ5 ጊጋኸርዙ መካከል የተወሰኑት ቻናሎች የራዳር ጎረቤቶች ናቸው። ከ120 እስከ 128 ያሉት ደግሞ አየር ማረፊያ አካባቢ ነፋስና ማዕበል የሚያይ የአየር ጠባይ ራዳር የሚሠራበት ነው። ሕጉ ራውተሩን ያስገድደዋል፤ ራዳር የመሰለ ነገር ከሰማ ወዲያው ቻናሉን ለቅቆ መውጣት አለበት፣ ለሠላሳ ደቂቃም አይመለስበትም። ሌላ እንደዚያ ያለ ቻናል ላይ ልግባ ካለ መጀመሪያ ስልሳ ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። ያቺ ስልሳ ሰከንድ ናት አማቴን የምታቋርጣቸው። ወደ 80 አጠበብኩት፣ ቻናሉን 36 ላይ አደረግኩት። ቁጥሩ በግማሽ ወረደ፤ መቋረጡ ቆመ። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ጎረቤቶቼ ናችሁ። ዋይፋያችሁ ፈጣን ሆኖ ድንገት ብድግ ብሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ይህቺን አስቧት።

ጋሼ፣ ይጠይቁ። "ማጉያ፣ ሪፒተር የሚሉትን ልግዛ ወይ?" ጋሼ፣ ሪፒተር አስተርጓሚ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ይሰማል፣ አንድ ጊዜ ይደግማል፣ በዚያው በአንዱ ማይክ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። ሜሽ የሚባሉት፣ በየክፍሉ ተተክለው እንደ አንድ የሚሠሩት ዕቃዎችም ቢሆኑ በመካከላቸው ገመድ ካለ ነው ልባቸው የሚበራው። ግድ ካልዎት ደግሞ ዋይፋይ የሞተበት ክፍል ውስጥ አይትከሉት። ራሱ ያልሰማውን ምን ብሎ ይደግማል? ገና ጥሩ ሲግናል ያለበት መሐል መንገድ ላይ ይትከሉት።

ሦስተኛው፣ ሰቲንግ። ጀበናው ሲወጣ እያየሁ ስለሆነ እሮጣለሁ።

አንዳንዱ ራውተር አሁንም ቲኪፕ የሚባለውን የድሮ የዋይፋይ ምሥጢር መቆለፊያ ይፈቅዳል። ለአሮጌ ፕሪንተር ብላችሁ እሱን ከመረጣችሁ የዋይፋይ ደንቡ ራሱ ከ54 ሜጋቢት በላይ እንዳይሄድ ይይዘዋል። 54ም በወረቀት ነው፣ በእጅ ሃያ ምናምን ነው። መቆለፊያውን ደብልዩ ፒ ኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር፣ ወይም ደብልዩ ፒ ኤ 3 የሚለውን አድርጉት። 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ ያለ ደብልዩ ፒ ኤ 3 አይከፈትም፤ "6 ያለው ራውተር ገዝቼ ስሙ አይታየኝም" የምትሉ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ሌላው ሁለት ራውተር ነው። ካምፓኒው የሰጣችሁ ሞደም ራሱ ዋይፋይ ያለው ከሆነና አዲሱን ከጎኑ ከተከላችሁ ሁለቱ ባንድ ክፍል ውስጥ ይጯጯሃሉ፤ ስልካችሁም የድሮውን ስም ስለሚያስታውስ ተመልሶ እሱ ጋ ይሄዳል። የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉት። "ኪው ኦ ኤስ" የሚል፣ ፍጥነቱን ለየዕቃው የሚያከፋፍል ማስተካከያ ካለና ማን እንዳበራው ካላወቃችሁ አጥፍታችሁ ለኩ፤ አንድ ቤት ውስጥ ከአሮጌው ኮንትራት የቀረ 50 የሚል ቁጥር ተጽፎበት አግኝቻለሁ። ስልኩ ላይ ያለውን ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ ዞሮ እንዲመጣ የሚያደርገውን አፕም እንደዚሁ። ኮምፒዩተራችሁ በየትኛው መንገድ እንደተያያዘ ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈቱ፣ ማክ ላይ ኦፕሽን የሚለውን ይዛችሁ የዋይፋዩን ምልክት ንኩት፣ ቻናሉንና ፍጥነቱን ይነግራችኋል። 2.4 ላይ ተለጥፎ ካገኛችሁት ለመሞከሪያ ያህል ለ5ቱ ለብቻው ሌላ ስም ስጡትና እሱን ይዛችሁ ለኩ።

ቡናው ደርሷል አይደል? እሺ። ከመነሳታችን በፊት ግን ስልካችሁን አውጡና የዚህን አዳራሽ ዋይፋይ እንለካ። እዚህ ፊት ያላችሁ ስንት ነው? 12። ኋላስ? 3? አይከፈትም? እኔ ስገባ አይቼዋለሁ። ራውተሩ ከመድረኩ ጀርባ፣ ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል፣ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያለው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?